ሁለቱም የለቀቁት ቁጥር

እኔ ከዚህ በታች የምፈርመው፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የኮምፒዩተር ክፍል ጠጋኝ ሆኜ ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩት፣ በሰፈር «እማማ ሽቦ» የምባለው ሴት፣ ዛሬ ሐሙስ ከቀትር በፊት፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን እናዘዛለሁ። ወሩንና ዓመቱን ውል አዋዋዩ በራስጌው ጽፎታል። እግሬ ከድቶኛል፤ እጄም ይንቀጠቀጣል፤ አእምሮዬ ግን በቦታው ነው። ውል አዋዋዩ ይህን ለማረጋገጥ የልጆቼን ዕድሜ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ክራቫቱ መጣመሙንም ጨምሬ ነገርኩት። አስተካከለው።

ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ምንም ነገር ሲሰማ አስቀድሞ «አይደለም» ስለሚል ስሙ «አይደለም» ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛዋ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። ወራሾቼ ቀያሹ ወንድ ልጄና ነርሷ ሴት ልጄ ናቸው። ወራሽ ምስክር ስለማይሆን ከእኛ ጋር አልተቀመጡም፤ አሮጌው የኮምፒዩተር ማሽኔ ባለበት በቀጣዩ ክፍል ሆነው፣ በሩ ተከፍቶ፣ ይሰሙኛል። አንዱ ከመስኮቱ ሥር፣ አንዷ ከግድግዳው ጥግ፣ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእኔዎቹ ግን በኩርፊያ አንድ ዓይነት ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ቀብሬ። ወግ አታብዙ። መቃብሬ ላይ የሚናገር ሰው «ደግ ነበረች» ማለቱ አይቀርም፤ እናንተ ግን «ሥራዋን ታውቅ ነበር» በሉልኝ። በደግነቴ ላይ ክርክር አልፈልግም።

«አይደለም፤ ደግ ነሽ» አለ አይደለም።

ውል አዋዋዩ «ይህም ይጻፍ እማማ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ቤት ዛሬ የተባለው ሁሉ ይጻፍ ብዬዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ካቻቢቴዎቼን፣ ፒንሳዎቼን፣ ቴስተሬንና መበየጃዬን ለአይደለም ሰጥቻለሁ። ምክንያቱም አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ መሣሪያ ሲያቀብለኝ እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ ነበር። አለቆች መጥተው ሄደዋል፤ እንዲህ የሚያቀብል ግን ሌላ አላየሁም። መነጽሩን ሳያደርግ እንዳይበይድ ግን አደራ፤ ወጣት ነኝ ማለት ይወዳል።

ሦስተኛ፤ ባለመደገፊያውን ወንበሬንና ትልቁን መስታወት ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻለሁ። ከእሷ ጋር በአንድ የመብራት ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። የእሷ ካውያና የእኔ ማሽን አንድ ላይ ከሠሩ ቆጣሪው ይጥላል፤ ሁለታችንም ጨለማ ውስጥ እንቀራለን። ስለዚህ ማሽኑ የሚበራው እሷ በምታርፍበት በእሑድ ቀን ብቻ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ ግን፣ በሥራ ቀን ማሽኔን እንዳበራ ብሎ ሲለምናት፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃት ካውያዋን የነቀለችበት ጊዜ አለ። ውለታዋን በወንበር እንደማልከፍለው አውቃለሁ። ደግሞም ያ ወንበር ይመቻል፤ ሰፊ ሰው ወገቡን ያመዋል።

አራተኛ፤ ቤቱን ለሁለቱም ልጆቼ እኩል ሰጥቻለሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት አለብኝ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሌሊት ብቻሽን እንዳታድሪ» ያለኝ ዕለት ወንድ ልጄ «ወደ እኔ ቤት ትምጣ፤ ይህ ይሸጥ» አለ። ሴት ልጄ «እናቴን እንደ ቁም ሳጥን አታጓጉዛትም» አለችው። እሱም «አንቺ የምትፈልጊው ቤቱን ነው» አላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ስለ እኔ ሲጣሉ አንዳቸውም የት መኖር እንደምፈልግ አልጠየቁኝም። ይህ አሳዝኖኛል፤ ማዘኔም ይጻፍልኝ። ስላልተጠየቅኩ በዚህ ኑዛዜ እመልሳለሁ፤ መኖር የምፈልገው እዚሁ ቤቴ ውስጥ ነው። ነገር ግን እዚህ ለመኖር ሁለቱ ሌሊቱን ተራ ገብተው ሊያድሩልኝ ይገባል። የማይነጋገሩ ሰዎች ደግሞ ተራ ማውጣት አይችሉም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስማሙ የአረጋውያን ማረፊያው አልጋ ተይዞልኛል፤ እሄዳለሁ። ማንንም አልረግምም።

አምስተኛ፤ ስለ ማሽኑ። ይህ ቁመቱ ከቁም ሳጥን የማያንስ ኮምፒዩተር ነው። ዛሬ ሰው በኪሱ ከሚይዘው ስልክ ያነሰ ያስባል፤ የሚያስበውን ግን ከነሽቦው እናውቀው ነበር። ፋብሪካው አዲስ ሲገዛ ይህን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ጣለው። ለመንኩ፤ ተሰጠኝ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለማስገባት የክፍሉን ግድግዳ አፈረሰልኝ። ካስገባው በኋላ መልሶ ሲገነባው በሩን ከማሽኑ አጥብቦ ሠራው። ግንበኛ ነበር፤ በሙያው ሲሳሳት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስስቅበት «እንዳይወስዱብሽ ብዬ ነው» አለኝ። እወደው ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ማተሚያውን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ተቃጠለ። አይደለም ከፋብሪካው ዕቃ ቤት ምትክ ለምኖ አመጣልኝ። እጄ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ልጆቼ «እኛ እንሞክር» አሉ፤ ሁለቱንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አስተምሬያቸዋለሁ። ከተጣሉ በኋላም ሥራውን አልተዉም፤ ማሽኑን ግን እንደ ርስት ተካፈሉት። መረጃ የሚቀዳበትን ቴፕ የሚያዘው ካርድ ያለበት የላይኛው ሳጥን የእሱ፣ የማተሚያው ካርድ ያለበት የታችኛው የእሷ ሆነ። የአንዱን ክዳን ሌላው ላይከፍት በአይደለም ፊት ቃል ገቡ። እሷ ረቡዕ ትመጣለች፤ እሱ ቅዳሜ ይመጣል። እሑድ ደግሞ ባልደረባዬ አይደለም መጥቶ ያበራዋል። ማሽኑ አይነሣም።

ውል አዋዋዩ ግራ እንደተጋባ ስላየሁ የሕመሙን ምንነት አስረዳለሁ። እያንዳንዱ ካርድ ቁጥር አለው። ቁጥሩ በካርዱ ጎን በተደረደሩ የምስር ፍሬ በሚያካክሉ ማብሪያዎች ይወሰናል። ማሽኑ ካርዶቹን የሚጠራው በቁጥራቸው ነው። ሁለት ካርድ አንድ ቁጥር ከያዙ፣ አንዱን ሲጠራ ሁለቱም በአንድ አፍ «አቤት» ይላሉ፤ የማንንም መስማት አይችልም፤ ደንዝዞ ይቆማል። ምትኩ ካርድ ከፋብሪካ ሲመጣ እንደ ቴፑ ካርድ አራት ቁጥርን ይዞ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንዱ አራት ላይ ይቆማል፣ ሌላው ወደ አምስት ይሄዳል። የትኛውም ቢሄድ ለውጥ የለውም።

ባልደረባዬ አይደለም እሑድ እሑድ ለሁለቱም በስልክ የሚነግራቸው አንድ ቃል ነበር፤ «ቁጥር ተጋጭቷል።» ከዚያ በላይ አይናገርም፤ ስለ ማሽን እንጂ ስለ ሰው ወሬ አላመላልስም ይላል። ወራት እንዲህ አለፉ። እኔ በዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ እሰማ ነበር፤ እልህ ተያይዘዋል ብዬም ደመደምኩ። ተስፋ ስለቆረጥኩ ወንድ ልጄ ውዳቂ ብረት ገዢ እንዲጠራ ፈቀድኩለት። ሰውዬው ሰኞ መዶሻ ይዞ ይመጣል፤ የባሌን ግድግዳ አፍርሶ ማሽኑን ሊያወጣ።

ባለፈው እሑድ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ አይደለምን ጠየቅሁት። «ለመሆኑ በየሳምንቱ ቁጥሩን የሚቀይረው የትኛው ነው?»

«ሁለቱም ናቸዋ» አለኝ።

«ሁለቱም?»

«አንድ ሳምንት ሁለቱም አራት፣ በሚቀጥለው ሁለቱም አምስት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ!»

እንግዲህ ልጆቼ ስሙ። ወንድ ልጄ፣ እህትህ አትለቅም ብለህ አራትን ለቀህላት ወደ አምስት ሄድክ። ሴት ልጄ፣ በዚያው ሳምንት አንቺም ወንድምሽ አይለቅም ብለሽ አራትን ለቀሽለት ወደ አምስት ሄድሽ። እሑድ ግጭት ሲባል እያንዳንዳችሁ «ለቅቄ ብሄድ ተከትሎ መጣብኝ» አላችሁ፤ ቂምም ያዛችሁ፤ ግን እንደገና ለቀቃችሁ። በጠባብ መንገድ ተገናኝተው፣ ላሳልፍህ ላሳልፍሽ ብለው ወደ አንድ ወገን እየተጠጉ እንደሚጋጩ መንገደኞች ሆናችሁ። በዚህ ሁሉ ወራት አንዳችሁም አንድም ጊዜ እልህ አልያዛችሁም። ይህን ለብቻ ለብቻ ልነግራችሁ ሞክሬ ነበር፤ እሱ «የእሷን ነገር አታንሺብኝ» ብሎ ተነሣ፤ እሷም «ስለ እሱ ከሆነ ሥራ አለኝ» ብላ ወጣች። ኑዛዜ ግን ቁጭ ተብሎ ይሰማል። ውል አዋዋዩን ያስጠራሁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የማሽኑን ነገር እንዲህ ወስኛለሁ፤ የላይኛው ሳጥን ለሴት ልጄ፣ የታችኛው ሳጥን ለወንድ ልጄ…

እዚህ ላይ ከቀጣዩ ክፍል ድምፅ ስለተሰማ ቃሌን አቋረጥኩ። የተባለው ሁሉ ይጻፍ ብያለሁና ውል አዋዋዩ ጽፎታል።

«እውነት ለቀሽልኝ ነበር?» አለ ወንድ ልጄ።

«ታዲያ ምን መሰለህ?»

«እኔማ ልታናድጂኝ ነው የመሰለኝ።»

«እኔም አንተ ልታናድደኝ መስሎኝ። ስንት ረቡዕ እዚህ ተቀምጬ እንዳለቀስኩ ብታውቅ።»

ከዚያ እሱ «ያን ዕለት ስለ ቤቱ የተናገርኩት…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። እሷም «ተወው፣ ወንድምጋሼ» አለችው። እንዲህ ብላ ስትጠራው ከሰማሁ ቆይቷል። ልብስ ሰፊዋ በመሃረቧ አፍንጫዋን ያዘች።

«በይ አንቺ ባለሽበት ቁጥር ላይ ቁሚ፤ እኔ እሄዳለሁ።»

«አይ፣ አንተ ቁም፤ እኔ ልሂድ።»

«እኔ እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ!»

«አይደለም!» ብሎ ጮኸ አይደለም ከወንበሩ ተነሥቶ። «አንዳችሁ ብቻ! ለፈጣሪ ብላችሁ አንዳችሁ ብቻ ተንቀሳቀሱ!»

ሳቁ። አንድ ክዳን ተከፈተና ተዘጋ። «እማዬ፣ እናብራው?» አሉኝ፤ ልብስ ሰፊዋ እኔን ቀድማ «አብሩት፤ ካውያዬ ተነቅሏል!» አለቻቸው። የማሽኑ ማራገቢያ ተነሣ፤ ወለሉ በትንሹ ተንቀጠቀጠ። ማተሚያው አንድ ጊዜ ተንኳኳ፤ ወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ አሳርፎ ዝም አለ። በዚህ ማሽን ቋንቋ ነጥብ ማለት «ዝግጁ ነኝ፤ እዘዙኝ» ማለት ነው። ደስ ብሎኛል። ደስታዬም ይጻፍ።

አምስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይታረም። ማሽኑን ለማንም አልሰጠሁም፤ ገና እሠራበታለሁ። ብረት ገዢው ሰኞ ሲመጣ፣ ባዶ እጁን እንዳይመለስ፣ ጓሮ ያለውን የተሰበረ የብረት አልጋ ይስጡት። ግድግዳውን እንዳይነካ።

ቃሌ ይኸው ነው። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ሌላ ኑዛዜ የለም።

የምስክሮች ቃል። እኔ የሥራ ባልደረባዋ፣ ተናዛዧ በሙሉ አእምሮ ሆና መናገሯን አይቻለሁ፤ መነጽር አያደርግም መባሌ ግን ልክ አይደለም። ፈረምኩ። እኔ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ፣ የሰማሁት እንደተጻፈው ነው። ፈረምኩ።

የውል አዋዋዩ ማስታወሻ። ኑዛዜው በተናዛዧና በምስክሮች ፊት ተነበበ። ወራሾቹም ቀርበው ንባቡን እንዲሰሙ ሁለት ጊዜ ተጠሩ፤ አልመጡም። በቀጣዩ ክፍል ከእናታቸው ዘንድ ማን በየትኛው ሌሊት እንደሚያድር ተራ እያወጡ ነበር። የሌሎቹን ቀናት ተስማምተዋል፤ እሑድን ግን ሁለቱም «የእኔ ነው» ብለው ድምፃቸው ከፍ ብሏል። ልገላግላቸው ወይ ብዬ ተናዛዧን ጠየቅሁ። ተናዛዧም «ተዋቸው፤ ዛሬስ አንዳቸውም አይልቀቁ» ብለው፣ ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ።