እጄ የደረሰበት መስመር

ጥር 10፣ 2000
ከተራ። ለጥምቀት የሄቨንን ሹሩባ ልሠራ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ጉንጉን ላይ ቀኝ እጄ እምቢ አለ... ከትከሻዬ በላይ አልወጣም። ጎረቤቴ አየለች ጨረሰችላት። የልጄን ፀጉር ሌላ ሰው ሲነካው የመጀመሪያው ነው። እጄን ብርድ መትቶት ይሆናል።

ጥር 28
ሰሌዳው ላይ ቀኑን ከላይ መጻፍ አቃተኝ። ከመሃል ጀመርኩ። ሰባተኛ ቢ ተማሪዎቼ ሳቁ።

የካቲት 6
ከፍኖተ ሰላም ጅጋ ሄድኩ፣ ወጌሻው አያ ይርሳው ዘንድ። "ወልቋል" አሉ። በቅቤ አሹ፣ ሳቡ... ጮኽኩ። "እንግዲህ ልጄ፣ አርባ ቀን እንዳታንቀሳቅሽው።" በነጠላ ከደረቴ ጋር አሰሩት።

መጋቢት 17
ነጠላውን ፈታሁ። እጄ ጭራሽ እንጨት ሆኗል። ነጠላዬን እንኳ ወደ ኋላ መጣል አልቻልኩም። አለቀስኩ።

መጋቢት 25
ሆስፒታል። ፍጹም የሚባል ወጣት የአካል እንቅስቃሴ ሐኪም አየኝ። "አልወለቀም፣ እትዬ። መገጣጠሚያውን የሸፈነው ስስ ከረጢት ተቆጥቶ፣ ተኮማትሮ ነው።"
አርባ ቀን አስሬው እንደነበር ነገርኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ማሰሩ ነው ያባባሰው።"
ሰው የማስተምር እኔ...
"ይድናል?"
"ይድናል። ግን ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።"
ጣቶቼን ግድግዳ ላይ ቀስ እያደረግኩ ወደ ላይ እንዳስኬድ አዘዘኝ፣ በየቀኑ።

ሰኔ 2
የደረስኩበትን ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ። ከመጋቢት ወዲህ አንድ ስንዝር። ይሄ ነው እንግዲህ። ሄቨን ቅዳሜ ቅዳሜ አየለች ቤት ሹሩባ ልትሠራ ትሄዳለች፣ ለእኔ ሳትነግረኝ።

ጥቅምት 27
ሄቨን ባሕር ዳር ሄደች፣ ዩኒቨርሲቲ። መናኸሪያ በአንድ እጄ አቀፍኳት። "ለጥምቀት ስትመጪ እኔ ነኝ የምሠራሽ" አልኳት። ምን አናገረኝ?

ኅዳር 14
መስመሩ ከፍ አላለም። ቤቱ ጭር ብሏል።

ታኅሣሥ 20
መስመሩ ከበሩ ጉበን አለፈ። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ከላይ ጻፍኩ፣ ማንም ልብ አላለም። ማታ የጋቢዬን ዘርፍ ስጎነጉን ቆየሁ። ጣቶቼ አልረሱም።

ጥር 10፣ 2001
ከተራ። በርጩማውን፣ ማበጠሪያውን፣ ቅቤውን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ሄቨን ገባች፣ ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ በአጭሩ ተቆርጧል።
"እማዬ፣ እጅሽን እንዳላስቸግረው ብዬ ነው" አለች። ደስ የሚለኝ መስሏታል።
"አምሮብሻል" አልኳት።
ቀኝ እጄን አንሥቼ አናቷን ዳበስኩ። ሳያመኝ ደረሰ።