ካርድ የሌላት ተሳፋሪ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1989

«ክሬዲት ካርድ የለኝም» አልኳት።

«አንድም?»

«አንድም።»

ስልኩ ላይ ያለችው ሚስ ኦድሪ ነበረች። ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ የጉዞ ቢሮ ያላት ጃማይካዊት ናት። የሽርሽር መርከቡን ቲኬት ዓመት ሙሉ ደመወዝ በወጣ ቁጥር በጥሬ ገንዘብ ስከፍላት አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም። ዛሬ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ ድረስ ደወለች። መርከቡ ውስጥ ገንዘብ አይሠራም አለች። ለስላሳ ብትጠጪ፣ ፎቶ ብትነሺ፣ ፀጉርሽን ብትሠሪ ሁሉም በክፍልሽ ቁጥር ይፈረማል። ሒሳቡ ከክሬዲት ካርድሽ ይነሳል። ካርዱን ገና ስትሳፈሪ ይጠይቁሻል።

«ካልሰጠኋቸውስ?»

«መያዣ ታስቀምጫለሽ፣ በጥሬው። ላንቺና ለልጅሽ አራት መቶ የአሜሪካ ዶላር። ሲያልቅ ትጨምሪያለሽ፣ ከተረፈ ይመልሱልሻል።»

ሰኞ ልንሳፈር ዛሬ ነው የሚነገረኝ! ለኪስ ብዬ የያዝኩት ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ግን አልቀርም። አባቴ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ቆጣሪ ነበር። ነጩ የመንገደኛ መርከብ ሲያልፍ ከባሕሩ ዳር ቆመን እጃችንን እናወዛውዝ ነበር። ከላይ ሆነው መልሰው የሚያወዛውዙት እነማን ናቸው እያልኩ አድጌአለሁ። አሁን አርባ አራት ዓመቴ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ከላይ ልቁም።

ሐሙስ

ከፈረቃዬ በፊት ባንክ ሄድኩ። የባንኩ ሠራተኛ ልጅ ስሜን ኮምፒውተሯ ውስጥ አስገብታ ጥቂት አነበበችና ከንፈሯን ነከሰች። ስምዎ ላይ ያለፈ ችግር ይታያል አለች። ዕዳው አልቋል፣ የመጨረሻውን አምና ከፍያለሁ አልኳት። መክፈልዎም ይታያል፣ ግን ታሪኩ ገና ጥቂት ዓመት ይቆያል አለችኝ። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከባለቤትዎ ጋር በጋራ ቢያመለክቱስ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ደነገጠች፣ ምስኪን።

ስሜን እዚያ ውስጥ ያጠቆረው እሱ አይደል! ከጓደኛዬ ከፀሐይ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ልጻፈው። ባሌ የነበረው ደረጀ በስሜ ሁለት ካርድ አወጣ። ፊርማዬን እያስመሰለ ፈረመ። ሶፋ፣ የመኪና ቴፕ፣ የጓደኞቹ ግብዣ፣ የማላውቀው ሆቴል። ከዚያ ሌላ ሴት ጋ ሄደ፣ የዕዳው ደብዳቤ ወደኔ መጣ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም አልነበረኝም። ቀን የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት፣ ማታ ዳውንታውን ቢሮ ማጽዳት፣ አራት ዓመት። ልጄ ሜላ ይህን አታውቅም። እናቴ ሥራ ትወዳለች፣ ቤት መቀመጥ አትወድም ነው የምትለው። አባቷን እንድትጠላ አልፈለግኩም። ዋጥኩት።

የባንኩን ልጅ አመስግኜ ወጣሁ። ካርዳችሁን ያዙት! ማታ ትርፍ ፈረቃ ገባሁ፣ ነገም እገባለሁ።

ዓርብ

ደረጀ ደወለ። ሜላ ነግራዋለች።

«ትርንጎዬ፣ ሰማሁ። ምን ያስጨንቅሻል? በኔ ካርድ ተጠቀሙ። ቁጥሩን ልንገርሽ፣ ጻፊ።»

ካርድ አለው! በራሱ ስም፣ ንጹሕ የሆነ፣ አንድ ነቁጥ የሌለበት።

«አልጽፍም።»

«ለልጄ ብዬ እኮ ነው።»

«ለልጅህ ከሆነ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ጫማ ግዛላት» ብዬ ዘጋሁት።

ሜላ ከክፍሏ ወጣች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ስትናደድ ግን ሁለቱን ትደባልቃለች። «ማሚ፣ ጀስት ካርድ እኮ ነው! ሰው ሊረዳሽ ሲል ለምን እንደዚህ ትሆኛለሽ? ኩራትሽ ነው!»

«አዎ፣ ኩራቴ ነው» አልኳት።

በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ጎረቤቶቻችን ሳይሰሙ አልቀሩም። የምንኖርበት የቶርንክሊፍ ፓርክ ሕንፃ ግድግዳ እንደሆነ ወረቀት ነው።

ቅዳሜ

ፀሐይ ሻንጣ ስሸክፍ ልታግዘኝ ከኢስት ዮርክ መጣች። ካርቱም አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ነው የኖርነው። እህት የለኝም፣ እሷ ናት እህቴ። ገና ሳትቀመጥ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ውሰጂው። ከጠየቁሽ እኔው በስልክ አነጋግራቸዋለሁ።»

«አይሆንም። በሰው ስም መግዛት ምን እንደሚያመጣ እኔን ጠይቂኝ።»

«አንቺ እሱ አይደለሽም እኮ!»

«ስላልሆንኩ ነዋ!»

ካርዷን መለሰች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለልጅቷ ንገሪያት» አለችኝ።

«አባቷ ነው፣ ፀሐይ።»

«አንቺስ እናቷ አይደለሽም? እሱን ስታድኚ አንቺ ክፉ ሆነሽ ቀረሽ።»

ቀሚስ ማጠፍ ቀጠልኩ።

ለመርከቡ ብዬ የገዛሁትን አዲሱን ቀሚስ ከነወረቀቱ ለሱቁ መለስኩ። በምትኩ የፀሐይን ሰማያዊ ቀሚስ ወሰድኩ። መርከቡ የሚቆምባት ናሳው ላይ በጀልባ ለመዞር ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ጨመርኩበት። የሁለቱ ቀን ትርፍ ፈረቃም አለ። ሞላ! ወደ አሜሪካ ዶላር ስመነዝር ሰውየው ለሽርሽር ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት፣ ለሽርሽር። አፌ ላይ ሲጥም!

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው እንዳለቀ አንዲት ትልቅ እናት ያዙኝ። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው ባሕር ላይ የምትሄጂው?»

«ምንም አልጠፋብኝም እማማ፣ ባሕሩን ልይ ብዬ ነው። እርስዎንም ብወስድዎት ደስ ባለኝ።»

«እኔን ደግሞ ዓሣ ይብላኝ?» ብለው ሳቁ። ግን ባረኩኝ። ከኋላቸው የቆሙት ሁለት ሴቶች አልሳቁም። ባሏ ጥሏት በመርከብ ትንሸራሸራለች እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ።

የሚያስጨንቀኝ፣ ፓስፖርት። ገንዘቡ። የሜላ የማቅለሽለሽ ኪኒን። የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፣ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ከሁሉ በላይ ሜላ። ዓርብ የጀመረችው ኩርፊያ አልለቀቃትም። ከሰዓት በኋላ ከአባቷ ጋር በስልክ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ስገባ ዘጋችው።

ሰኞ

ማያሚ። ሙቀቱ እንደ አሰብ ነው፣ ከአውሮፕላን ስንወርድ ፊቴን መታኝ፤ አፍንጫዬ አወቀው።

የተሳፋሪው ሰልፍ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ የመርከቡ ሠራተኛ፣ ፈገግተኛ ልጅ፣ «ክሬዲት ካርድ?» አለኝ። ቦርሳዬን ሳልከፍት ሜላ ከኪሷ ቁራጭ ወረቀት አወጣች። «የአባቴ ካርድ ቁጥር ነው፣ ይሄን ተጠቀም።» ትናንት ያንሾካሾኩት ይሄን ነው!

ልጁ አየት አደረገና ይቅርታ ጠየቃት። ካርዱም ባለቤቱም እዚህ ከሌሉ ቁጥር ብቻውን አይበቃም አለ።

ዶላሩን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት።

«ጥሬ ገንዘብ?» አለ።

«ጥሬ ገንዘብ። ደረሰኝ ስጠኝ።»

እየቆጠረ ሳለ ከኋላችን የቆሙት አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሜላ አንገቷን ደፋች። እኔ አልደፋሁም። የራሴ ገንዘብ ነው፣ የኔ እጅ ሽንኩርት ልጦ ያመጣው ነው፣ ምን አፍራለሁ?

መርከቡ ሲነቃነቅ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ገመድ የፈታ አንድ የወደብ ሠራተኛ ታች ቆሟል። እጄን አወዛወዝኩለት። መለሰልኝ። አለቀስኩ፣ ነፋሱ ነው ብዬ ለራሴ ዋሸሁ።

ማክሰኞ

በቀን ተኛሁ! ፀሐይ ላይ፣ ረጅም ወንበር ላይ፣ እንደ ንግሥት። ማንም ነይ ይህን ድስት እጠቢ አላለኝም። ምግቡ በቲኬቱ ውስጥ ስለሆነ አልተቸገርንም። ሌላውን ግን እፈራለሁ፣ አንድ ሻይ እንኳ ፈርሜ አልጠጣሁም። ሜላ ከሃሚልተን የመጡ ሁለት ልጃገረዶችን ተዋውቃ ስትስቅ አየኋት፣ ልቤ ረጋ።

ከእራት በፊት እያለቀሰች ክፍላችን ገባች። ከጓደኞቿ ጋር ለስላሳ ልትገዛ ቆማ፣ አሻሻጩ ስንሳፈር የሰጡንን የክፍላችንን ካርድ ቢያስገባ አይሠራም፣ ሒሳባችሁ አልቋል አላት። አንደኛዋ ልጅ፣ እናንተ ክሬዲት ካርድ የላችሁም እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

«ሁሉም ፊት ማሚ! ዳዲ ቢሆን ኖሮ እንደዚህ አያደርገኝም ነበር!»

እዚህ ላይ ነው ያልቻልኩት። አልጮኽኩም። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳትና ከመጀመሪያው ነገርኳት። ካርዶቹን፣ ፊርማውን፣ ዕዳ ክፈዪ እያሉ ይደውሉብኝ የነበሩትን ሰዎች፣ ባንኩን። አልሰደብኩትም። የሆነውን ብቻ።

«ባንቺ ፊርማ?» አለች።

«በኔ ፊርማ።»

«ማታ ማታ ጥለሽኝ ስትሄጂ የነበረው…»

«አዎ።»

ተነስታ ወጣች። አልተከተልኳትም። እራት ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ደግ አደረግኩ ወይስ አባት አሳጣኋት?

ሌላም ነገር አለ። ያ ሁሉ ገንዘብ እንዴት በአንድ ቀን አለቀ? ልጅ ስንት ለስላሳ ትጠጣለች?

ረቡዕ

ስነቃ ሜላ ለብሳ በሩ ጋ ቆማለች። «የሒሳብ ዴስኩ ተከፍቷል፣ ነይ እንሂድ» አለች። በአማርኛ!

የዴስኩ ልጅ ሒሳባችንን አውጥቶ ሰጠን። ሦስት ለስላሳና አንድ ፎቶ የሜላ ነው። ሌላው በሙሉ ውስኪና ወይን፣ ካሲኖው አጠገብ ካለው ባር። ውስኪ! እኔና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ!

«ስህተት ነው» አልኩት።

ልጁ ትሑት ነው፣ ግን የተማረውን ነው የሚደግመው። አሁን አዲስ መያዣ ይጨምሩ፣ አቤቱታውን አገርዎ ሲገቡ በፖስታ ይልካሉ አለኝ።

«አንድ ሳንቲም አልጨምርም። ፈረምሽ የምትሉበትን ወረቀት አምጡልኝ።»

«ጊዜ ይወስዳል።»

«መርከብ ላይ ነን የኔ ልጅ፣ የት እሄዳለሁ?»

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ሜላም ስባ ተቀመጠች። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ትናንትና ቢሆን በሃፍረት የምትሞተው ልጅ፣ እግሯን አጣጥፋ ሰውን በዓይኗ ትገፈትራለች።

በመጨረሻ የልጁ አለቃ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ ወረቀቶቹን ይዛ መጣች። ትልቅ፣ የተንዛዛ ፊርማ። የክፍሉ ቁጥር ሲጻፍ አንዷ አሃዝ የማትለይ ናት፣ ሰባት ትሁን አንድ። ሴትየዋ ወረቀቱን አገላብጣ፣ ምናልባት ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ፈርሞ ይሆን አለች።

ሜላ ተነሳች። እንዲህ አለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር፦

«ይህ የእናቴ ፊርማ አይደለም። እናቴ ሌላ ሰው የፈረመውን ከፍላ ጨርሳለች። ከእንግዲህ አትከፍልም።»

ሴትየዋ ሜላን አየች፣ እኔን አየች። የምን ነገር እንደሆነ አልገባትም፣ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። ወደ ባሩ ስልክ ደወለች፣ ሌላ ክፍል ደወለች። የፈረመው ሰውዬ ተገኘ፤ ጓደኞቹን ሁሉ ሲጋብዝ ነበር ለካ። ሒሳባችን ተስተካከለ። ይቅርታ ጠይቃ አንድ ጠርሙስ ወይን ልስጣችሁ ብትለኝ፣ ለፈረመው ሰውዬ ስጭው አልኳት። ስንሄድ የዴስኩ ልጅ ቀስ ብሎ፣ «ካርድ ቢሰጡ ኖሮ ይህን የሚያዩት ቤትዎ ከገቡ በኋላ ነበር» አለኝ።

ምሳ ላይ ሜላ ሳልነግራት ፍራፍሬ በሳህን ሞልታ አመጣችልኝ። ረቡዕ መሆኑን፣ መፆሜን፣ ታውቃለች። ማወቋን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ

ናሳው ወረድን። የጀልባው ገንዘብ መያዣ ሆኗል፣ ስለዚህ በእግራችን። አሸዋ ላይ ጫማ አውልቀን ብዙ ሄድን። ሜላ ብዙ ጠየቀች። አሰብ እንዴት ነበር? አባትሽ ቢያይሽ ምን ይል ነበር? ከዚያ፣ «ዳዲን ትወጂው ነበር?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«በጣም። እጁ በስሜ ይፈርማል ብዬ አልጠረጠርኩም።»

ድንጋይ አንስታ ውሃው ላይ ወረወረች። ከሃሚልተን የመጡት ልጆች ሲጠሯት፣ ከእናቴ ጋር ነኝ አለቻቸው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ቤት ገባን። ጠዋት ከመውረዳችን በፊት ዴስኩ ላይ የተረፈውን መያዣ መለሱልኝ፣ ቆጥሬ ተቀበልኩ፣ በራሴ እጅ ፈረምኩ። ከሰብዌይ ባቡር ወጥተን አውቶቡስ ውስጥ ሜላ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ጭንቅላቷ ከባድ ነው፣ ግን አላነቃኋትም።

ሻንጣውን ሳንፈታ ስልኩ ጮኸ። ሜላ አነሳችው። ከፊቷ ማን እንደሆነ አወቅሁ።

«ሃይ ዳዲ… አዎ፣ ጥሩ ነበር።» አዳመጠችው። «ኖ፣ ካርድህን አልተጠቀምንም። ማሚ ከፈለች።»

ዓይኗ እኔ ላይ ነው። የምትፈልገው ፈቃድ ይሁን ማስጠንቀቂያ አልገባኝም።

«ዳዲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። የስልኩን ገመድ እየጎተተች ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች። በቀስታ ነው የዘጋችው።

ወጥ ቤት ቆሜአለሁ። ድምፅዋ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይም። ሄጄ ጆሮዬን መለጠፍ እችላለሁ። ገብቼ ስልኩን መንጠቅም እችላለሁ፣ ልጅ ናት፣ ይህን መሸከም የለባትም። እስከ ትናንት ድረስ የማደርገው እንደዚያ ነበር።

የቆሸሸውን ልብስ ከሻንጣው እያወጣሁ ነጭ ለብቻ፣ ቀለም ለብቻ መለየት ጀመርኩ። ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። አሁን ደግሞ ዝም ብላለች፤ እሱ እየተናገረ ነው።

ምን እንደሚላት አላውቅም። ይጠየቅ ግን። እኔ በሱ ፈንታ ስንት ዓመት ተጠይቄአለሁ።