በወይዘሮ የትነበርሽ በር ላይ ስለተለጠፈው ወረቀት

ለተከበሩ የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድና ቁጥጥር ዴስክ ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነማኅተም ያዥዎ እንደምን ከርመዋል? ማኅተም ያዥዎ ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር የከተማው ጉዳይ ሁሉ አብሮ ስለሚተኛ፣ የእሳቸውን ጤና ከራሴ አስቀድሜ እለምናለሁ። እኔ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ሦስት ክፍል ለቱሪስት የማከራይ፣ ታፔላ ቁጥር ፲፯ የተሰጠኝ ጡረተኛ መምህር ነኝ። የምጽፍልዎ ግን በአንድ የድንጋይ አጥር ስለሚዋሰኑኝ ጎረቤቴ፣ ስለ ወይዘሮ የትነበርሽ ነው። ባለፈው ጥምቀት ያሸጋችሁት የእንግዳ ቤታቸው ዘንድሮ ከተራ ሳይደርስ እንዲከፈትላቸው በትሕትና አመለክታለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ መመሪያዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በየክፍሉ ሰው ሙሉ ቁመናውን የሚያይበት መስታወት እንዲሰቀል ማዘዝዎ እጅግ ሸጋ ነው። የቧንቧ ውኃ ቀን መርጦ በሚመጣበት ሰፈራችን፣ እንግዳው ፊቱን ባይታጠብም አለመታጠቡን አጥርቶ ያያል።

፪. ወይዘሮ የትነበርሽ፣ እናታቸው ያደርጉት እንደነበረው፣ ለጥምቀት ከዛሪማ የሚመጡ ገበሬዎችን በየዓመቱ ያሳድራሉ። ታቦት ሊያጅብ የመጣ ሰው የታቦቱ እንግዳ ነውና ዋጋ አይጠየቅም። ስለዚህ እሳቸው በቅጻችሁ ላይ «የአንድ አዳር ዋጋ» የሚለውን ቦታ ባዶ ተዉት። ባለሙያዎችዎም ባዶውን ቦታ ተመልክተው ገቢ ደብቀዋል ሲሉ ወሰኑ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። በነጻ የሚያሳድር ሰው በጎንደር ይኖራል ብሎ ያሰበ ቅጽ አዘጋጅ ባለመገኘቱ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ሆነ።

፫. የእኔን ፈቃድ ለማደስ አራት ወር የፈጀበት ዴስክዎ፣ ጥቆማ በደረሰው በማግስቱ ሦስት ባለሙያዎችን ልኮ ቤቱን በማሸጉ ትጋቱን አደንቃለሁ። ዕለቱ የከተራ ዋዜማ ነበር። ዘጠኙ እንግዶች ጋቢያቸውንና ስንቃቸውን ይዘው ወጡ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥርም ተጠለሉ። ከመካከላቸው አያ ሰውአገኝ የሚባሉ፣ ሠላሳ ዓመት ያለማቋረጥ የመጡ ሽማግሌ፣ ብርዱ ደረታቸውን መትቷቸው ታቦቱ ሳይገባ ወደ ዛሪማ ተመለሱ። ዘንድሮ በአውቶቡስ ሹፌር በኩል «ቤቱ ተከፍቷል ወይ?» ብለው ልከዋል፤ መልስ የሚሰጣቸው አልተገኘም።

፬. ይህኛውን አቤቱታ በማን ላይ እንደማቀርበው እያወቅሁ ብዕሬ ያንገራግርብኛል። በደብዳቤያችሁ ላይ «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ነዋሪ» ተብሎ የተጠቀሰው ጠቋሚ እኔ ነኝ። ወይዘሮ የትነበርሽ ምንም አልበደሉኝም። የእኔ ቱሪስቶች መስታወቴን ትተው እሳቸው ግቢ ከገበሬዎቹ ጋር ሲጫወቱ ይውሉ ነበር፤ ሲሄዱም በስልካቸው ላይ ስለ እኔ ንጹሕ አንሶላ አንድ ቃል ሳይጽፉ «የጎረቤቲቱ ደግነት» ብለው ጻፉ። ቀናሁ። ቤቱ በታሸገበት ዕለት አንደኛው ክፍሌ ባዶ ነበር፤ አያ ሰውአገኝ በደጄ ሲያልፉ ቆመው «ቤትዎን ይባርክልዎ» ብለውኝ ሲሄዱ፣ በነጻ ማሳደር በመመሪያው አልተፈቀደም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መመሪያዎ እንደዚያን ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ግን ወግቼ መርሳት አቃተኝ፤ አፍሬያለሁ።

ይባስ ብለው ባለፈው ሰንበት ወይዘሮ የትነበርሽ መጥተው «አያ አድማሴ፣ እርስዎ ፊደል የቆጠሩ ነዎት፤ ምነው አንድ ማመልከቻ ቢጽፉልኝ?» አሉኝ። ይኸው የምጽፍልዎ እሱን ማመልከቻ ነው። ጥቆማዬን በአንድ ቀን እንዳመናችሁት ኑዛዜዬንም በአንድ ቀን አምናችሁ ቤቱን እንድትከፍቱ፣ ቅጣት ካለም ታፔላ ቁጥር ፲፯ን እንድትነቅሉ እጠይቃለሁ።

የዴስክዎን ወንበሮች ዕድሜ ያርዝምልን፣ የማኅተምዎን ቀለም ያብዛልን፤ ለትጋትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

አድማሴ ኃይለ ጊዮርጊስ

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ የትነበርሽ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት እንዳነብላቸው ጠይቀውኝ ነበር። እስከ ሦስተኛው ቁጥር አነበብሁላቸውና «ይኸው ነው» አልሁ፤ እሳቸውም እጄን ስመው መረቁኝ። ስለዚህ የቀረውን እናንተ አሰሙልኝ። በእናንተ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ማንም ስለማያነበው ምስጢሬ እንደተጠበቀ ይቀራል፤ እባክዎ እሳቸው በር ላይ፣ ከእሽጉ ወረቀት ጎን ይለጠፍልኝ፤ እሱን ሰፈሩ ሁሉ አንብቦታል።