ስልሳ አራት ዙር

ውድ ወንድሜ ስማቸው፣

ይህን የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው። ለሌላ ሰው ነግሬ ለማስጻፍ አፈርሁ። በስተርጅናዬ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርሁ፤ የምስክር ወረቀቴን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሸጋ ነው የሚለኝ ግን የለም።

ባለፈው ሳምንት ከአራዳው የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅህ ያወጣሁትን ደብተር ገለጥሁ። ለቀበሌው የሠራኸው፣ በመኪና ባትሪ የሚናገረው ድምፅ ማጉያ ተሥሎበታል።

«ትራንዚስተሮቹ እንደ በር ናቸው፤ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ስለዚህ ባትሪ አይበሉም» ብለኸኝ ነበር።

«እንዲህ ሲንገላታ በሩ አይገነጠልም?» ብዬ ሳቅሁብህ።

«እሱን ነዋ የምገምተው! በተከፈቱ ቁጥር ስንት ኮረንቲ እንደሚገባባቸው። የሽቦው ጥቅል ካላረገበው ይቃጠላሉ።»

ፈታይ ጣት አለሽ ብለህ የመዳቡን ሽቦ ሰጠኸኝ። «የእማማን የጸሎት መቁጠሪያ ይዘሽ በየፍሬው አንድ ዙር እያልሽ እስኪያልቅ ጠምጥሚ። በቃልሽማ ወሬ ሲይዝሽ ይጠፋብሻል።»

የእናታችንን መቁጠሪያ ግን ከእሷ ጋር ቀብሬው ነበር። ለማስታወሻ ፈልገኸው ነበርና እንዳትቆጣኝ ዝም አልሁ። መቁጠሪያ መቁጠሪያ ነው ብዬ በራሴው ቆጥሬ ጠመጠምሁ።

በአብዮት በዓል የቀበሌው ሊቀመንበር «ጓዶች» ከማለቱ ማጉያው ጨሰ። አሻጥር ነው ተብለህ ዘጠኝ ወር ታሰርህ። ስትፈታ «ግምቴን ስቼ ነው፣ እትዬ» አልኸኝ።

እኔስ ምን አልሁህ? «የማታውቀውን ምን አስነካህ! ቤታችንን አዋረድኸው።»

እህል ሳትቀምስ ወደ ዛሪማ ሄድህ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ አይነካም ይሉኛል።

ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ «64 ዙር፤ ኮረንቲው ቢበዛ 2 አምፔር። ትራንዚስተሩ 3 ይችላል። ዙሩ ወደ 40 ከወረደ 4 ይደርሳል፤ ይቃጠላል።»

መቁጠሪያዬን አውጥቼ ቆጠርሁ። አርባ አንድ ፍሬ፤ የእማማ ግን ባለ ስልሳ አራት ነበር። ደግሜ ቆጠርሁ።

ግምትህ ልክ ነበር፣ ስማቸው። የሳትሁት እኔ ነኝ።

ግን አንተስ ምነው? የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሙያ ስታስተምር ለእኔ አንዲት ፊደል ነፈግኸኝ። ያኔ ማንበብ ብችል ቁጥሩን አየው ነበር። ይህም ቂም በሆዴ አለ፤ አልደብቅህም።

ወደ ዛሪማ በሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር አዲስ ጥቅል ልኬልሃለሁ። ወሬ ይዟት ተሳስታ ይሆናል ብለህ አትስጋ፤ እዚህ ቤት የሚያናግረኝ የለም። ስልሳ አራት ነው። ብቻ አንተም ቁጠረው።

እህትህ እጅጋየሁ