ሬድዮ ላይ ሲስቁብህ አብሬ የሳቅኩበት ቀን

አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። በዳግማ ትንሣኤ ማግስት ስንቀብርህ መሬቱ ገና ከበረዶው አልተላቀቀም ነበር። ብሩክሊን ሴንተር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። እማዬ መኝታ ቤቱን ትታ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው፤ ለምን ስላት ለወገቤ ይሻለኛል ትላለች። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ቴሌቪዥኑን ትከፍትና ድምፁን አጥፍታ የአሜሪካኖቹን ኳስ ጨዋታ ታያለች። ማን ማንን እንደሚያሳድድ እንኳ አታውቅም። አንተ ታየው ስለነበር ብቻ ነው።

የምትወደውን ልጅ ሰጡት፣ አባዬ። ኮርነርባኩን፣ የዳር ተከላካዩን ማለቴ ነው። ነሐሴ ላይ ለሌላ ቡድን አሳልፈው ሰጡት፤ በምትኩ ያገኙት ለመጪው ዓመት አዲስ ተጫዋች የመምረጫ ተራ ነው። እሱ ባለመኖሩ ዳሩ ባዶ ሆኖ በየሳምንቱ ጎል ይገባብናል፤ መቼም ስሙ «ታችዳውን» ቢሆንም እንዳንተ ጎል ማለቱ ይቀለኛል። ያኔ «ይሸጥ! ስግብግብ ነው! አርጅቷል!» እያሉ ሲጮኹ የነበሩት ሰዎች አሁን «ማን ነው የሸጠው?» እያሉ ይጮኻሉ። አንዳቸውም እኔ ነበርኩ አይልም።

እኔም አላልኩም። የምጽፍልህ ለዚህ ነው።

እዚህ አሜሪካ ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አማርኛዬን እንግሊዝኛ ዋጠው። አንተ በአማርኛ ትጠይቀኛለህ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ ቀስ በቀስ መጠየቁንም ተውከው። የእኔ ነገር የአሜሪካኖቹ ኳስ ብቻ ነበር። አንተ ደግሞ የቀበሌ ቡድን ቀኝ ተመላላሽ የነበርክ ሰው፣ «በእጅ ይዘው እየሮጡ እግር ኳስ ይሉታል» ብለህ ትስቅ ነበር። ከዚያ አንድ ክረምት ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስትመለስ ደብተር ይዘህ መጣህ። የሥራ ጓደኞችህን እያስቸገርክ ደንቡን አንድ በአንድ አስጽፈህ ነበር። ለእኔ ብለህ እንደተማርከው የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የጠፋብኝን አማርኛ የመለስክልኝም በዚያ ኳስ ክርክር ነው፤ በእንግሊዝኛ ስከራከርህ አልሰማም ትል ነበርና።

ከሁሉም ተጫዋች ኮርነርባኩን መረጥክ። ዳር ቆሞ የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ የሚከታተለውን፣ ማንም የማያየውን። «የዚህ ልጅ ስም ካልተጠራ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው» ብለህ አስረዳኸኝ።

ባለፈው የካቲት ኮንትራቱ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ይራዘምልኝ አለ። ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር። ከተማው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ይከፈለው፣ ግማሹ ሳይወድቅ ይሸጥ። አንተን ነገሩ እንቅልፍ ነሳህ፤ እኔ ልጁን እንደ ዘመድ መያዝህ ያስቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ሪችፊልድ የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ ጎማ እየቀየርኩ የስፖርት ሬድዮው ተከፍቶ ነበር። ደዋይ እየገባ ልጁን ያብጠለጥለዋል። ድንገት ያንተን ድምፅ ሰማሁ።

«ሄሎ፣ ስለ ኮርና ባኩ ልናገር ነው» አልክ። እንደ አዲስ አበባ ኳስ፣ ኮርና። ጋዜጠኛው «ኮርን»፣ በቆሎ ያልክ አስመስሎ «ኮርና? የሚበላ ነው?» አለህ። አልተቆጣህም። «ይህ ልጅ ጉልበቱ ታሞ ለእናንተ ሮጧል፤ ሰው ሲጎዳ አይጣልም» እያልክ ሳለ መስመሩን በእነሱ በኩል ቆረጡት፤ ያንተ ድምፅ ግን አየር ላይ ነበር። አንተ አላወቅክም፤ «ሄሎ? ሄሎ?» ስትል ሰማሁህ። እሱኑ ቀድተው ሁለት ጊዜ አሰሙት።

አብሮኝ የሚሠራው ክሬግ የጎማ መፍቻውን እንደያዘ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅኩ። ፈገግ አላልኩም፣ አባዬ፤ አባቴ መሆንህ እንዳይታወቅብኝ ከእሱ አብልጬ ሳቅኩ።

ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቅከኝ። ከነካፖርትህ ቆመህ ነበር። «ሰማኸኝ? ሬድዮ ላይ እኮ ነበርኩ» አልከኝ። ዛሬ ሬድዮው ተበላሽቶ ነበር አልኩህ። ትንሽ አየኸኝና «ይሻላል፤ እንግሊዝኛዬ አስቸገረኝ» ብለህ ገባህ። ከዚያ ወዲህ አልደወልክም። ኩሽና ያለውን ሬድዮም ከፍተኸው አላየሁም። መዋሸቴን አውቀህ እንደሆነ ሳልጠይቅህ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ልብህ ቆመ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «አባቱን ያኮራ ልጅ» እያለ አቀፈኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ባለፈው ሰኞ ክሬግ የእሑዱን ሽንፈት እያማረረ፣ «ያ ሽማግሌ ልክ ነበር፤ ያ "ኮርና ባክ" የሚለው» አለና አነጋገርህን አስመሰለ። ተሳክቶለታል፤ ድምፅህ ጋራዡ ውስጥ የመጣ መሰለኝ።

«አባቴ ነው» አልኩት። «ሞቷል።»

ፊቱ ደም መሰለ። ይቅርታ እያለ እጄን ያዘኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቆይቶ፣ ሊወቅሰኝ ሳይሆን ግራ ገብቶት፣ «ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አልክ?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ብሎኑን መፍታት ቀጠልኩ።

እማዬ ለሙት ዓመትህ ስለ አባትህ አንተ ተናገር ብላኛለች። እናገራለሁ። ደብተርህን፣ ልጁን እንዴት እንደተከላከልክለት፣ ሁሉንም። ከዚያ እነዚያ «አባቱን ያኮራ» ያሉኝ ሰዎች ፊት የሳቅኩትንም እናገራለሁ፤ እማዬም እዚያው ትስማው።

አልረሳህም፣ አባዬ። ደግነትህን ብቻ መርጬም አላስታውስህም፤ ያ መስመር ሲቆረጥብህ የት እንደነበርኩ አብሬ አስታውሳለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅህም። እምቢ ማለት የማይችልን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ማታለል ነው።

ልጅህ ናሆም