ቀይ ክርና ጥቁር ክር

ለልጄ፣ ለዐይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሻል? አንቺ ደህና ከሆንሽ የእኔ ነገር አያሳስብሽ፤ ጉልበቴም ምላሴም እንደ ድሮው ነው። የምትወጂውን ወንበር እግሩን ጠገንኩልሽ። አናጺ ቢያረጅ እጁ አያረጅም። ግንባሬ ላይ ያለው እብጠት ከዚያው ከወንበሩ ነው፤ ብድግ ስል ቤቱ ትንሽ ዞረብኝና ወደቅሁበት።

እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የግፊት መድኃኒቴን በክር ነበር የምትለይልኝ። የጠዋቱ ብልቃጥ አንገት ላይ ቀይ ክር፣ የማታው ላይ ጥቁር ክር ታስር ነበር። ባለፈው ወር ሆስፒታል ሦስት ቀን አስተኝተው ሲሸኙኝ ሌላ ብልቃጥ ጻፉልኝ፤ ይኼኛው ክር የለውም። ፋርማሲ ያለችውን ልጅ፣ "መቼ ነው የሚዋጠው?" ብላት፣

"አባባ፣ ላዩ ላይ ተጽፎልዎታል እኮ" አለችኝ።

"ዐይን የለኝም መሰለሽ?" ብያት ወጣሁ። ጽሕፈቱ ግን ጉንዳን የሄደበት ይመስላል።

ጎረቤት ጠይቄ መሳቂያ አልሆንም። ስለዚህ የተለጠፈውን ወረቀት ከብልቃጡ ላይ ልጬ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። በቀዩ ፈንታ ይሁን ከቀዩ ጋር፣ አንብቢና በትልልቁ ጻፊልኝ። መልስሽ እስኪመጣ አንዱ እንዳይቀርብኝ ሁለቱንም እየዋጥሁ ነው።

ፖስተኛውን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ መቆሙን ትቼዋለሁ። ፈጣሪ ዐይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

የማይነቀነቀው አባትሽ