ውሻ የበላው መቀመጫ

ሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

የባለቤቴ አባት፣ አባባ፣ ትናንት ለቅበላ ካረድነው በግ ሞራ ወስደው የቢስክሌቴን መቀመጫ አሽተውልኛል። ቆዳው ስለተሰነጣጠቀ እንዲለሰልስ ብለው ነው። ማን ጠየቃቸው? ጠዋት ብነሳ ውሻችን ቆዳውን ጨርሶ በልቶት ሞላው ብቻ ገጥጦ ቀርቷል።

እስከ ፋብሪካው ድረስ ቆሜ እየነዳሁ ሄድኩ። አረፈድኩ። በውይይት ክበቡ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ውሻ መቀመጫዬን በላው ብሎ ግለ ሂስ እንዴት ይደረጋል? ሁሉም ሳቁ። ሊቀ መንበሩ ብቻ ሳይስቅ ስሜን ጻፈ።

ከሥራ ስወጣ አዲሱ ገበያ፣ ቢስክሌት ጠጋኙ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ።

“የቆዳ መቀመጫ መምጣት ካቆመ ቆየ። ወፍራም ቆዳ ካገኘህ ግን እወጥርልሃለሁ” አሉኝ።

ጫማ ሠሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ለጫማውም አጥተዋል።

ዛሬስ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ እያልኩ፣ እየተቃጠልኩ ቤት ገባሁ። አባባ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው የበቅሏቸውን ኮርቻ ቆዳ በቢላ ከእንጨቱ ይገፍፋሉ። ከአገር ቤት ተሸክመው ያመጡት፣ ከራስጌያቸው የማይለይ፣ ልጆቼን እንኳ የማያስነኩት ኮርቻ ነው።

“አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“በቅሎዋ ከሞተች ቆየች። አንተ ሥራ አለህ። ይልቅ ና ያዝልኝ” አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ቁጢጥ ብዬ ቆዳውን ወጥሬ ያዝኩላቸው። አሁንም ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን...